ወጣቶች የሰፈራቸው ልማት ጉልበት ብቻ ሳይሆኑ ወሳኝም እንዲሆኑ ምን ዓይነት አሠራር ይበጃል?

አደራጅ፦

የተከበራችሁ ተወያዮች፣ በኢ-መደበኛ ሰፈሮች ውስጥ ከነዋሪዎች ጋር ለምትሠሩና በዚያው ለምትኖሩ ሁሉ የማቀርበው ጥያቄ አለኝ። የጎርፍ መውረጃ ሲቆፈር፣ የተከማቸ ቆሻሻ ሲነሣ፣ ለስብሰባ ድንኳን ሲተከልና ወንበር ሲደረደር ወጣቶች ቀድመው ይጠራሉ። ቦዩ በየት በኩል ይለፍ፣ ገንዘቡ በማን ፊርማ ይውጣ፣ የተጠናቀቀውን ሥራ ማን መርምሮ ይረከብ የሚለው ሲነሣ ግን ያ ቦይ ሲቆፍር የዋለ ወጣት በስብሰባው ላይ አይገኝም። በኋላ በሪፖርቱ ውስጥ «የወጣቶች ተሳትፎ» የሚል ርዕስ ይወጣና በሥሩ አካፋ የያዙ ልጆች ፎቶግራፍ ይለጠፋል።

ጉዳዩ የጥቂት ሰፈሮች ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የሰዎች አሰፋፈር ፕሮግራም፣ ዩኤን-ሀቢታት፣ የተሻሻለ የውኃ አቅርቦት፣ የተሻሻለ መጸዳጃ፣ በቂ የመኖሪያ ስፋት፣ ጽኑ ቤትና የይዞታ ዋስትና ከሚሉት አምስት ነገሮች አንዱ እንኳ የጎደለበትን ቤተሰብ በተጎሳቆለ ሰፈር እንደሚኖር ይቆጥረዋል። በዚህ መለኪያ በዓለም ላይ ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰዎች በእንዲህ ያለ ሁኔታ ይኖራሉ። ከዘላቂ የልማት ግቦች 11ኛው እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ድረስ እነዚህን ሰፈሮች ለማሻሻል ቃል ይገባል፤ ቃሉ ቢፈጸምም ባይፈጸምም ውጤቱን ለረጅም ዘመን የሚኖሩበት ግን ዛሬ ወጣት የሆኑት ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1992 ሮጀር ሃርት ለዩኒሴፍ ባዘጋጀው ጽሑፍ የልጆችንና የወጣቶችን ተሳትፎ በስምንት ደረጃዎች ከፋፍሎ ነበር። ከታች ያሉትን ሦስቱን፣ ማለትም የሌሎች ዓላማ መጠቀሚያ መሆንን፣ ማድመቂያ መሆንንና ለስም ያህል መቀመጥን፣ ከተሳትፎ አልቆጠራቸውም። እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ «የወጣት ፕሮጀክቶች» ከእነዚህ ከሦስቱ አይዘሉም። ችግሩ የወጣቶች እውቀት ማነስ ነው በሚለው አስተሳሰብም አልስማማም፤ የውሳኔ ድርሻ ሳይሰጥ የሚሰጥ ሥልጠና የምስክር ወረቀት ከማስቆጠር አያልፍም ብዬ አምናለሁ። እናንተስ የውሳኔ ድርሻ በተግባር ለወጣቶች ሲተላለፍ ያያችሁት እንዴት ነው? መልካም ሐሳብ ብቻ ሳይሆን የሠራ አሠራር ብታቀርቡ ለሁላችንም ይጠቅማል።

የወጣቶች ስፖርት አስተባባሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄውን ሳነብ መጀመሪያ የታወሰኝ በናይሮቢ ማታሬ እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረው የወጣቶች የስፖርት ማኅበር ነው። ብዙዎች የሚያውቁት በእግር ኳሱ ቢሆንም እኔን የሚስበኝ የነጥብ አቆጣጠሩ ነው። አንድ ቡድን በሊጉ ደረጃ የሚይዘው በሜዳ ላይ ባገኘው ውጤት ብቻ አይደለም፤ የሰፈሩን ቆሻሻ በማንሣትና የተደፈነ ቦይ በመክፈት የሚያገኘው ነጥብም ከጨዋታው ነጥብ ጋር ይደመራል። ስለዚህ በሜዳ ያሸነፈ ቡድን ጽዳቱን ከተወ ከበታቹ በነበረው ሊቀደም ይችላል።

አደራጅ እንዳሉት ይህንንም «ወጣት ቆሻሻ ያንሣ» የሚለው የተለመደ ነገር ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ልዩነቱ ሊጉን የሚያስተዳድሩት፣ የጨዋታ መርሐ ግብር የሚያወጡት፣ የዲሲፕሊን ክስ የሚያዩትና በየአካባቢው በሚቋቋሙ ኮሚቴዎች የሚመረጡት ራሳቸው ወጣቶች መሆናቸው ነው። አንድ የ15 ዓመት ልጅ የቅጣት ውሳኔ አስተላልፎ፣ ተቃውሞ ሲቀርብበት ምክንያቱን በጉባኤ ፊት ሲያስረዳ፣ በኋላ በሰፈር ልማት ኮሚቴ ውስጥ የሚያስፈልገውን ሁሉ እየተለማመደ ነው። በበጎ ፈቃድ ያገለገሉ ልጆች ያጠራቀሙት ነጥብ ለትምህርት ቤት ክፍያ የሚውል ድጋፍም ያስገኝላቸዋል።

ከዚህ የምወስደው ነገር ቢኖር ውሳኔ መስጠት የሚለመደው በትልቁ በጀት ላይ እንዳልሆነ ነው። ወጣቶች በእርግጥ የእነርሱ በሆነ፣ ቢሳሳቱም ሊታረም በሚችል ጉዳይ ላይ ሙሉ ሥልጣን ይሰጣቸው፤ ከዚያ ወደ ሰፋው ይሻገራሉ። በአዋቂዎች ኮሚቴ ውስጥ ሁለት የወጣት ወንበር ከማስያዝ ይልቅ ይህ መንገድ ረጅም ነው፤ ነገር ግን ሁለቱ ወንበሮች ላይ የሚቀመጡት ልጆች በአዋቂዎቹ ብዛት ተውጠው አንድም ነገር ሳይናገሩ ዓመታቸውን ሲጨርሱ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ካርታ ሠሪ፦

የቀደሙትን ሐሳቦች እየደገፍኩ ሌላ የሥልጣን ምንጭ ልጨምር፤ ይኸውም መረጃ ነው። ኢ-መደበኛ ሰፈሮች በብዙ ከተሞች ካርታ ላይ ባዶ ቦታ ወይም ጫካ መስለው ይታያሉ። የናይሮቢው ኪቤራ እንዲሁ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ከዚያው ሰፈር የተውጣጡ 13 ወጣቶች ጂፒኤስ ይዘው መንገዱን፣ የውኃ ቦኖውን፣ መጸዳጃውን፣ ጤና ጣቢያውንና ትምህርት ቤቱን መዝግበው ለማንም ክፍት በሆነው የኢንተርኔት ካርታ፣ በኦፕንስትሪትማፕ ላይ እስኪያሰፍሩት ድረስ ማለት ነው።

ይህ ሥራ በቅርብ ሲታይ ምን እንደሚመስል ላስረዳ። ሁለት ወጣቶች አንድ ሰው ብቻ በሚያሳልፍ መተላለፊያ ይገባሉ። አንዷ መሣሪያውን ይዛ በየመታጠፊያው ቆማ ነጥብ ትይዛለች፤ ሌላው በቅጹ ላይ ይጽፋል። ቦኖ ሲያገኙ «ቦኖ» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ በሳምንት ስንት ቀን ውኃ ይመጣል፣ ቁልፉ በማን እጅ ነው፣ ሌሊት ይከፈታል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። መጸዳጃ ሲያገኙ በሩ ከውስጥ ይቀረቀር እንደሆነ ያያሉ። ከውጭ የመጣ ቀያሽ ይህን አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም እውነተኛውን መልስ ላያገኝ ይችላል። ልጆቹ ግን ቁልፍ ያዡን ስለሚያውቁት መልሱ እውነት ይሁን ሐሰት በፊቱ ያነቡታል።

ካርታው ሲያልቅ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነዋሪው ሲሰበሰብ የሚሆነውን ማየት ያስደስታል። ሽማግሌዎች ቀርበው ቤታቸውን ይፈልጋሉ፤ የተሳሳተውን ያርማሉ። «ከዚህ እስከዚያ አንድም መጸዳጃ የለም» የሚለው አቤቱታ ከዚያ ቀን ጀምሮ በጣት የሚጠቆም ይሆናል፤ ባለሥልጣኑ ፊት የሚያስረዳውም ካርታውን የሠራው ወጣት እንጂ ሌላ ሊሆን አይችልም።

ይሁን እንጂ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። መረጃው የማን ነው የሚለው ከመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ ካልተወሰነ ልጆቹ የሰበሰቡት ዝርዝር በሌላ ድርጅት ኮምፒውተር ውስጥ ይቀራል፤ ይባስ ብሎም ነዋሪውን በግዳጅ ለማስነሣት ለሚዘጋጅ አካል መሣሪያ ሊሆን ይችላል። የቤት ባለቤት ስም፣ የተከራይ ብዛትና የመሳሰለው ለሕዝብ በሚወጣው ካርታ ላይ መስፈር የለበትም። የቱ ይውጣ፣ የቱ በሰፈሩ እጅ ይቅር የሚለውን ነዋሪው በጉባኤ ይወስን።

ሲቪል መሐንዲስ፦

አደራጅ «ሥልጠና ያለ ውሳኔ ከንቱ ነው» ያሉትን ተቀብዬ ተቃራኒውንም ማስታወስ እፈልጋለሁ። ቴክኒካዊ እውቀት የሌለው ውሳኔም ሰፈሩን ይጎዳል። ለዚህ ሁሌ የማነሣው በፓኪስታን ካራቺ የሚገኘውን የኦራንጊን ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 አክታር ሐሚድ ኻን የጀመሩት የኦራንጊ ፓይለት ፕሮጀክት የፍሳሽ ማስወገጃውን ሥራ ለሁለት ከፈለው። በቤት ውስጥ ያለውን መጸዳጃ፣ በየመንገዱ ዳር የሚያልፈውን መስመርና እነዚህን የሚሰበስበውን መለስተኛ መስመር ነዋሪው በራሱ ገንዘብ ይሠራል፤ ዋናውን ቱቦና ማጣሪያውን መንግሥት ይሠራል። የሥራው መነሻ ከ20 እስከ 30 ቤት ያለው አንድ መንገድ ነበር። የመንገዱ ነዋሪዎች ከመካከላቸው አስተባባሪ ይመርጣሉ፣ ገንዘቡን ራሳቸው ይሰበስባሉ፣ ራሳቸው ያወጣሉ፤ ፕሮጀክቱ የሚሰጠው ልኬት፣ ንድፍ፣ የዋጋ ግምት፣ መሣሪያና ክትትል ብቻ ነው። ተቋራጭ፣ ደላላና ጉቦ ከመካከል ስለወጡ ዋጋው መንግሥት ከሚገምተው እጅግ ያነሰ ሆነ። በዚህ አካሄድ ከ90 ሺህ በላይ ቤቶች የፍሳሽ መስመር አገኙ።

ከወጣቶች ጋር የሚያገናኘው ነገር እነሆ። ንድፉንና ልኬቱን የሚሠሩት ውሎ አድሮ የሰፈሩ ወጣቶች ሆኑ። ሌቭል (የመሬት ከፍታ መለኪያ መሣሪያ) ማንበብ፣ ተዳፋት ማስላት፣ የመቆጣጠሪያ ጉድጓድ ጥልቀት መወሰን፣ የሲሚንቶ ድብልቅ መመርመር ተማሩ፤ በኋላም በከተማው ያሉ የሌሎች ኢ-መደበኛ ሰፈሮችን የፍሳሽ መውረጃ በካርታ ላይ አሰፈሩ። የዚህ ሥራ ውጤት አስገራሚ ነበር፤ ብዙ ሰፈሮች መስመራቸውን አስቀድመው በራሳቸው ሠርተው ወደ ተፈጥሯዊ የጎርፍ መውረጃዎች እንዳገናኙት ታየ። መሬት ላይ ያለውን ሥራ ሳያውቅ ሁሉን ከባዶ ለመጀመር ለሚያቅድ ባለሥልጣን የቀረበለት መልስ የእነዚህ ልጆች ካርታ ነበር። ይህን የካርታ ሥራ ለረጅም ዓመታት የመሩት አርክቴክት ፐርዊን ራሕማን እ.ኤ.አ. በ2013 ተገድለዋል፤ ካርታ ሠሪ ያነሡት የመረጃ ጉዳይ እስከ ሕይወት መሥዋዕትነት የሚያደርስ መሆኑን በከፍተኛ አክብሮት ማስታወስ ይገባል።

የመሬቱን ከፍታ ለክታ በወረቀት ላይ ያስቀመጠች ወጣት ቦዩ በየት ይለፍ በሚለው ክርክር ውስጥ እንድትገኝ ማንም ፈቃድ መስጠት አያስፈልገውም፤ ያለ እርሷ ክርክሩ አይጀመርም። በእኔ አመለካከት ከኮሚቴ ወንበር የበለጠ ጽኑ የሆነው ድርሻ ይህ ነው፤ ምርጫ ሲደረግ ወንበር ሊነጠቅ ይችላል፤ ችሎታ ግን አይነጠቅም።

የቁጠባ ቡድን ጸሐፊ፦

ልጆቼ፣ እኔ በዕድሜ ከሁላችሁም የምበልጥ ይመስለኛል፤ በሴቶች የቁጠባ ቡድን ውስጥ ለረጅም ጊዜ ጸሐፊ ሆኜ አገልግያለሁ። የእኛ ወገን ስሜት ካልተነገረ ውይይቱ ጎደሎ ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው።

በብዙ ሰፈሮች የልማቱ መሠረት የተጣለው በእናቶች ሳንቲም ነው። በሙምባይ የመንገድ ዳር ነዋሪ ሴቶች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እየቆጠቡና የራሳቸውን ቤት እየቆጠሩ ማሂላ ሚላን የተባለውን ማኅበር መሠረቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 በተመሠረተው ዓለም አቀፍ የሰፈር ነዋሪዎች ኅብረት ውስጥም የሴቶች ዕለታዊ ቁጠባ ዋናው ምሰሶ ነው። ዕለታዊ የሆነው ገንዘቡ ስለሚበዛ አይደለም። ሰብሳቢዋ በየቀኑ በየበሩ ስታንኳኳ ማን እንደታመመ፣ ማን ሥራ እንዳጣ፣ የማን ልጅ ከትምህርት ቤት እንደቀረ ስለምታውቅ ነው። ብድር ሲጠየቅ ማን ምን እንደሚችል የምናውቀው በዚህ ነው።

እንግዲህ አንድ ወጣት መጥቶ «የውሳኔ ድርሻ ስጡኝ» ሲል እኛ የምናስበው ነገር አለ። ወጣት ይንቀሳቀሳል፤ ሥራ ካገኘ ሰፈሩን ለቅቆ ይሄዳል፤ ይህም መብቱ ነው። የሃያ ቤተሰብ ቁጠባ የተቀመጠበት ደብተር ግን አብሮት ሊሄድ አይችልም። ስለዚህ ጥርጣሬያችን ከንቀት የመጣ ሳይሆን የተጠራቀመውን ከመጠበቅ የመጣ መሆኑን እንድትረዱልን እፈልጋለሁ። ከዚህ በመነሣት ልጆቹ መጀመሪያ የሂሳብ መዝገብ ይያዙ፣ ደረሰኝ ያመሳክሩ፣ በየወሩ ለጉባኤው ያንብቡ እላለሁ። መተማመን በዚህ ይገነባል።

አደራጅ፦

እናቴ፣ ሐሳብዎን በአክብሮት ተቀብያለሁ፤ በተለይ ዕለታዊ ቁጠባ ሰውን የማወቂያ መንገድ መሆኑን ያስረዱበት መንገድ ብዙ አስተምሮኛል። ነገር ግን አንድ ስጋት አለኝ። መዝገብ መያዝና ደረሰኝ ማመሳከርም፣ ውሳኔውን ሌላ ሰው የሚወስን ከሆነ፣ ከአካፋው ወደ እስክሪብቶ የተዛወረ ጉልበት ይሆናል። ልጆቹ ለዓመታት ሂሳብ ሲያነቡ ኖረው ብድሩ ለማን ይሰጥ በሚለው ላይ ድምፅ ከሌላቸው መተማመኑ ወደ አንድ ወገን ብቻ ያዘነብላል። መዝገብ ከመያዝ ወደ መወሰን የሚሸጋገሩበት ጊዜ በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ተቆርጦ ቢቀመጥስ?

የቁጠባ ቡድን ጸሐፊ፦

ልጄ፣ እውነት ብለሃል፤ ጊዜው ተቆርጦ መቀመጡ ለእኛም ይበጃል። «ስትደርሱ እንሰጣችኋለን» የሚባል ነገር ማለቂያ የለውም፤ ይህን ሴቶች ከማንም በላይ እናውቀዋለን፤ እኛም በወንዶች ኮሚቴ ውስጥ እንዲሁ ስንባል ኖረናል። እኔ የምቀበለው እንዲህ ቢሆን ነው፦ መዝገብ የያዘ ወጣት በዓመቱ ከሦስቱ ፈራሚዎች አንዱ ይሁን፤ ገንዘብም ያለ ሦስቱ ፊርማ አይውጣ። ሰፈሩን ለቅቆ የሚሄድ ከሆነ ከመሄዱ በፊት ተተኪውን በተግባር አሠልጥኖ፣ መዝገቡን በጉባኤ ፊት አስረክቦ ይሂድ። እንዲህ ከሆነ መንቀሳቀሱ እኛን አያስፈራንም።

ተከራይ ነኝ፦

እኔ በዚህ ውይይት ከሚነገርላቸው ወጣቶች አንዱ ስለሆንኩ በቀጥታ ልናገር። እስካሁን የተነገረው ሁሉ ወጣቱ በሰፈሩ ውስጥ ሥር እንዳለው አድርጎ ይጀምራል። እንደ እኔ ያሉት ብዙዎች ግን ተከራዮች ነን። በብዙ ኢ-መደበኛ ሰፈሮች፣ በተለይም እንደ ናይሮቢ ባሉ ከተሞች፣ አብዛኛው ነዋሪ ተከራይ ነው። ቦዩ ሲሠራ፣ መብራት ሲገባ፣ መንገዱ ሲነጠፍ አከራዩ ኪራይ ይጨምራል፤ ሰፈሩን ያሻሻለው ወጣት በማሻሻሉ ምክንያት ከሰፈሩ ይወጣል። ይህን የሚያውቅ ልጅ አካፋ ለማንሣት ቢያመነታ ስንፍና አይደለም። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ኪራይ ለተወሰነ ጊዜ እንደማይጨምር ከአከራዮች ጋር የጽሑፍ ስምምነት መፈረም አለበት፤ ከተከራዮች ተወክሎ የሚፈርመውም በተከራዮች የተመረጠ ሰው መሆን አለበት።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። በቀን ሥራ የሚተዳደር ሰው ከሰዓት በፊት ስብሰባ ሲጠራ የዕለት ገቢውን ይተዋል። በደመወዝ የሚተዳደረው ባለሙያ ስብሰባውን በሥራ ሰዓቱ ያካሂዳል፤ እኛ «በጎ ፈቃደኞች» እንባላለን። አንድ ድርጅት ለቆጠራ አሰማርቶን ለወራት በየቤቱ ስንዞር፣ ለአሠልጣኞቹ አበል ሲከፈል ለእኛ ካናቴራ ብቻ ነበር የተሰጠን። ቅር ያሰኘኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ የእኛ እውቀት ዋጋ የሌለው ተደርጎ መታየቱ ነው። ልኬት፣ ቆጠራና የካርታ ሥራ ባለሙያ ቢሠራው የሚከፈልበት ከሆነ ወጣቱ ሲሠራውም ሊከፈልበት ይገባል።

ካርታ ሠሪ፦

ተከራይ ነኝ ባሉት ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ክፍያው ከመጀመሪያው በፕሮጀክቱ በጀት ውስጥ ካልተያዘ በኋላ የሚገኝበት መንገድ የለም። ላክልበት የምፈልገው፣ የሥራው ባለቤቶች ስም በካርታውና በሪፖርቱ ላይ፣ እነርሱ ከፈቀዱ፣ በአዘጋጅነት ይስፈር። ወጣቱ ወደ ሌላ ሥራ ሲያመለክት የሚያሳየው ያ ነው።

የሰፈሩ ልጅ ነኝ፦

እስካሁን «ወጣት» ሲባል ወንድ ልጅ የሚታሰብ መስሎ ተሰምቶኛል፤ ሁለት ነገር ብቻ ልበል። ማታ የሚካሄድ ስብሰባ፣ መተላለፊያው ጨለማ ከሆነ፣ ለሴት ልጅ እንዳልተጠራ ይቆጠራል፤ የማታሬው ማኅበር እንኳ የልጃገረዶችን እግር ኳስ የጀመረው ከተመሠረተ ከዓመታት በኋላ ነው። ተከራይ ነኝ እንዳሉት በቀን ሥራ ያለው በቀን አይችልም፤ እኛ ደግሞ በማታ አንችልም። ስለዚህ ውሳኔዎች በአንድ ትልቅ ስብሰባ ብቻ እንዳይወሰኑ፣ በየመተላለፊያው ጥቂት ቤቶች እየሆኑ በአቅራቢያቸው ተገናኝተው ተወካይ ቢልኩ ይሻላል። መብራት የት ይተከል የሚለውንም በሌሊት ውኃ የሚቀዱትና መጸዳጃ የሚሄዱት ይወስኑ። የእኛ ሰፈር መብራት የተተከለው ለመኪና መንገዱ ነበር፤ እኛ በዚያ በኩል አናልፍም።

የከተማ ዕቅድ ባለሙያ፦

በአስተዳደር በኩል ሆኜ ይህን ዓይነት ሥራ አይቻለሁና ከዚያ በኩል የሚታየውን ላካፍላችሁ። የሰፈሩ ልጅ ያሉት የትንንሽ ስብሰባ ሐሳብ በስፋት የተሞከረ ነው። የናይሮቢ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ2017 የሙኩሩን ሰፈሮች ልዩ የዕቅድ ክልል ብሎ ሲያውጅ በዚያ የሚኖሩት ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ ቤተሰቦች ነበሩ። ይህን ያህል ሕዝብ በአዳራሽ ሰብስቦ ማማከር የማይቻል ስለሆነ ነዋሪው በአሥር በአሥር ቤተሰብ እየተደራጀ ተወካይ መረጠ፤ እነዚያም ወደ ላይ እየተሰባሰቡ ከባለሙያዎች ጋር የሚያቅዱ ሆኑ። ከ40 በላይ ድርጅቶች በውኃ፣ በጤና፣ በመኖሪያ ቤት፣ በሕግና በመሳሰለው ዘርፍ ተከፋፍለው ሠርተዋል። ለዚያ ሁሉ መነሻ የሆነው ደግሞ ነዋሪው ለውኃና ለመብራት ከተደላደሉት ሰፈሮች ይልቅ አብልጦ እንደሚከፍል ያሳየ ጥናት ነው፤ መረጃውን በመሰብሰብ በኩል የሰፈሩ ሰዎች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው።

ትልቁ ጥያቄ ግን ገንዘቡ ነው። አስተዳደሮች ነዋሪውን ለማማከር ፈቃደኞች ናቸው፤ ገንዘብ ለመስጠት ግን ያመነታሉ። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረችው ባን ማንኮንግ የተባለ የሰፈር ማሻሻያ መርሐ ግብር ይህን አጥር የሰበረ ይመስለኛል። መንግሥት የመሠረተ ልማት ድጎማውንና የቤት ብድሩን ለተቋራጭ ሳይሆን በቀጥታ ለነዋሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ይሰጣል፤ ማኅበሩ መሬቱን ይደራደራል፣ ዕቅዱን ያወጣል፣ ሥራውን ይመራል። ከዚያ በፊት ነዋሪው መቆጠብ ይጠበቅበታል፤ የቁጠባ ቡድን ጸሐፊዋ የነገሩን መተማመን እዚያ ላይ የአገር ፖሊሲ ሆኗል ማለት ነው። መሬቱ በጋራ ስለሚያዝም አንዱ ሸጦ ሌላው እንዲፈናቀል የሚያደርገው ጫና ይቀንሳል።

ለወጣቶች የምመክረው በከተማው ደንብ ውስጥ የማኅበረሰብ ውል የሚባል የግዥ ዓይነት መኖር አለመኖሩን እንዲጠይቁ ነው። ካለ፣ የድንጋይ ንጣፍ፣ የቦይና የመሳሰሉ አነስተኛ ሥራዎች ያለ ትልቅ ተቋራጭ ለተደራጀ የሰፈር ቡድን ሊሰጡ ይችላሉ። ከሌለ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው እርሱ ነው። ብዙ ጊዜ ወጣቶች ፕሮጀክት ይጠይቃሉ፤ ለሚቀጥሉት ሃያ ፕሮጀክቶች በር የሚከፍተው ግን አንድ የግዥ መመሪያ መሻሻሉ ነው።

አደራጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጥያቄውን ሳቀርብ ሥልጣንን ከኮሚቴ ወንበር ጋር ብቻ አያይዤ አስብ ነበር፤ ካርታ ሠሪና መሐንዲሱ የተናገሩት አሳቤን አስፍቶታል። ሆኖም መሐንዲሱ «ችሎታ አይነጠቅም» ባሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ችሎታ ያላት ወጣት ለክታ፣ ነድፋ፣ ከዚያ በኋላ የፈራሚዎቹ ስብሰባ ያለ እርሷ ሊካሄድ ይችላል። ስለዚህ በምሠራበት ሰፈር ለሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ የማቀርበው የደንብ ማሻሻያ ሁለቱን ያስተሳስራል፦ ልኬቱን የሠራው ሰው በርክክብ ሰነዱ ላይ ከፈራሚዎች አንዱ እንዲሆን፣ ሦስተኛው ፈራሚም መዝገብ ከያዙት ወጣቶች እንዲመረጥ። የኪራዩ ስምምነት ከመጀመሪያው ቁፋሮ በፊት እንዲፈረምም አቀርባለሁ።

መሐንዲሱን አንድ ተጨማሪ ነገር ልጠይቅ። መስመሩ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የጥገናው ኃላፊነት በወጣቶቹ ላይ እንዳይወድቅ፣ ወይም ደግሞ ባለቤት እንዳያጣ፣ ምን መደረግ አለበት?

ሲቪል መሐንዲስ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። በመጀመሪያ የቤትና የመተላለፊያ መስመር ጥገና የዚያው መተላለፊያ ነዋሪዎች ድርሻ መሆኑ ከገንዘብ መሰብሰቡ በፊት ይነገር፤ የራሱን ገንዘብ ያወጣ ሰው ሲደፈን ዝም ብሎ አያይም። ሁለተኛ፣ ዋናው ቱቦ የማን እንደሆነ ከከተማው የውኃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት ጋር በጽሑፍ ይለይ፤ አለበለዚያ ወጣቶቹ በማያልቅ የሌላ ሰው ሥራ ውስጥ ይገባሉ። ሦስተኛ፣ ልኬቱን የሠሩት ወጣቶች ሥራው እንደ ተሠራ የሚያሳየውን ንድፍ፣ የእያንዳንዱን የመቆጣጠሪያ ጉድጓድ ጥልቀትና ርቀት ጽፈው፣ አንዱን ቅጂ ለመተላለፊያው አስተባባሪ፣ አንዱን ለመሥሪያ ቤቱ ይስጡ፤ አንዱንም እነርሱ ያስቀሩ። ከዝናብ ወቅት በፊት ክዳኖቹን ከፍቶ ማየት የሚከፈልበት ሥራ ይሁን፤ ክፍያው ከየቤቱ ከሚሰበሰበው አነስተኛ መዋጮ ይውጣ። ብዙውን ጊዜ መስመር የሚበላሸው ቱቦው ስለተሰበረ ሳይሆን ክዳን ጠፍቶ ደረቅ ቆሻሻ ስለገባበት ነውና፣ ክዳኑ በሰፈሩ በራሱ በሻጋታ ሊመረት የሚችል እንዲሆን በንድፉ ላይ ከወዲሁ አስቡበት። ጉባኤው ከመካሄዱ በፊት ንድፉን ብትልኩልኝ የተዳፋቱን ስሌት ከወጣቶቹ ጋር አብሬ ለማየት ዝግጁ ነኝ።